ከኋላው ያጭድ የነበረው ሰው

በጦርነቱ ጊዜ ከውጫሌ ወደ ደሴ ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና እግሩ በጄሶ የታሰረ ወጣት ተቀምጠው ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉት ሽማግሌው።

«ማጭድ ቆርጦኝ ነው አባባ። ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት።»

«ቋንጃው የተቆረጠ በሬ ይታረዳል እንጂ አይድንም።»

«እኔን ሐኪሞቹ ሰፍተውኛል። ሁለት ወር እንዳትረግጥ ተብያለሁ።»

«ጣትህን ለምን ቁልቁል አድርገው አሰሩት?»

«የተሰፋው ጅማት እንዳይወጠር ነው።»

«ይሁን። ማጭድ ግን የሚሳበው ወደ ራስ ነው። ተረከዝህን ከኋላ በምን አገኘው?»

«ከኋላዬ ሌላ አጫጅ ነበር።»

«ማን?»

«አንድ ሰው።»

«ስም የለውም? ጥይት እንዳይሆን?»

«ወላሂ ማጭድ ነው!»

«አትማል። እኔ ያሳደግኩት ልጅ አይደለህ፣ ምን አውቃለሁ?»

ሐይቅ መግቢያ ላይ ለፍተሻ አስቆሙን። ወታደሩ በሩን ከፍቶ ጄሶውን አየ።

«አንተ፣ የት ነው የቆሰልከው?»

ወጣቱ አፉን ሳይከፍት ሽማግሌው ቀደሙት።

«ጤፍ ስናጭድ ነው፣ የኔ ጌታ። ልጄ ነው። ከኋላው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ወታደሩ ዓይኑን ወደ እኔ ሲያዞር፣ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።