ለአባቴ ቮልስ ኢንጀክሽን ወይስ ካርቡሬተር

የአባቴ አሮጌ ቮልስ ሞተሯ ደክሞ ሌላ ሊገጠምላት ነው። መካኒኩ ደጃችን ላይ ቆሞ ያስመርጠዋል። "ጋሼ፣ ሞተሩ ኢንጀክሽን ከሆነ በብርድም ቁልፍ ሲያዞሩ ይነሳል። ግን ኮምፒዩተር አለው፤ ዳንግላ ላይ ቢቆምብዎት የሚነካው የለም። ካርቡሬተሩን ግን ማንም ፈቶ ያጥበዋል።" አባቴ "እንግዲያው ካርቡሬተር" ሲል እኔ በሩ ጥግ ቆሜ የነጠላዬን ጫፍ አኝካለሁ። የእንጅባራ ብርድ መኪናዋን በየጠዋቱ አልነሳም ያሰኛታል፤ አባቴ መሪ ይይዛል፣ ከኋላ የምገፋ እኔ ነኝ። ባጃጅ ነጂዎቹ "በርቺ እቴ፣ ጫግኒ ድረስ ግፊያት!" እያሉ ሲስቁብኝ መሬት ብትውጠኝ እወዳለሁ።

"ኢንጀክሽን ይሁን!" አልኩ ሳላስበው። ሰው ፊት ተናግሬ ስለማላውቅ ሁለቱም ዞሩ።

"አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር የት ታውቂያለሽ?" አለ መካኒኩ እየሳቀ።

"በየጠዋቱ እየገፋኋት።"

አባቴ መኪናዋን አየት አደረገና፣ "ልጄ እውነቷን ነው። ካርቡሬተሩ ይገጠም፤ ከእንግዲህ ግን እኔ እገፋለሁ፣ እሷ መሪ ትይዛለች" አለ።

መንገደኛው ሁሉ እያየኝ መሪ ከምይዝ መግፋቱ ይሻለኛል ልል አፌን ከፈትኩ። ግን የነጠላዬን ጫፍ መልሼ አኘክሁ።