ዝቅ ብሎ የሚያስተምረው ኮምፒውተር

በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ወደ ሶፊ ገጠር የሚሄደው ሚኒባስ ሸዋ በር መናኸሪያ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆሟል። ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማሩት መምህርት እልፍነሽ ከባልደረባቸው ከሳዳ ጎን ተቀምጠዋል። ከኋላቸው፣ ጉልበቱ የወንበራቸውን ጀርባ እየነካ፣ ወጣቱ የኮምፒውተር መምህር ኃይለመስቀል አለ። የእልፍነሽን የንባብ ክፍለ ጊዜ ወስዶ፣ እንደየልጁ ችሎታ ትምህርቱን በሚያከብድና በሚያቀል ፕሮግራም የተካው እሱ ነው። ቅዳሜ ዕለት ለዚሁ ሥራው በወላጆች ፊት ተሸልሟል። በዚያው መድረክ በፕሮግራሙ የምትማረው የአምስተኛ ክፍሏ ዋፊቃ መጽሐፍ ተሰጥቷት አንዲት መስመር ማንበብ አቅቷት፣ እያለቀሰች ወርዳለች። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

እልፍነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ ኋላ አልዞሩም።

«ሳዳዬ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ያዘ፣ አይደል? እናትሽን ጉልበታቸውን ተሻላቸው? … እሰይ፣ ተመስገን።

«እኔ የምልሽ… ይሄ ኮምፒውተር እንዴት ያለ ደግ ፍጥረት ነው! እኛ ልጅ ስትሳሳት ‹ድገሚው› እንላለን፤ ክፉዎች ነና። እሱ ግን ቀለል ያለ ይሰጣታል። እሱንም ስትስት ከዚያ የቀለለ። አንቀጹ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፣ ዓረፍተ ነገሩ ቃል፣ ቃሉ ፊደል… መጨረሻ ላይ ‹ሀ›ን ስትነካ ኮከብ ይዘንብላታል፤ ‹ጎበዝ!› ትባላለች። የድሮ ሰዎች ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ ነበር። ምን ያውቃሉ? ዛሬ ዶሮው ቀስ በቀስ ተመልሶ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል!

«ኮምፒውተሩስ ምን ያድርግ? ‹ይህች ልጅ ወደ ታች እየወረደች ነው› ብሎ ከጥቅምት ጀምሮ በየሳምንቱ በቀይ ይጽፍ ነበር አሉ። ታዲያ የተማረ ሰው በቀይ የተጻፈ ሁሉ ያነባል እንዴ? ኮከቡን ሪፖርት ማድረግ ነው እንጂ! ልጅ አለማንበቧን ሳያነቡ በንባብ መሸለም… ጸጋ ነው ሳዳዬ፣ በልፋት አይገኝም።»

ሳዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከኋላ የኃይለመስቀል ጉልበት ከወንበራቸው ጀርባ ሸሸ።

«ትናንት እነልጅቷ ቤት ሄጄ ነበር። ከአባቷ ጋር ጫት ማሳ ውላ መጣች። ‹እዚያ ማንም አንብቢ አይለኝም› አለችኝ። ምን ልበላት? በየማታው ልመጣላት ቃል ገባሁ… እኛ ኋላ ቀሮቹ ከዚህ ሌላ ምን እናውቃለን?»

ሚኒባሱ ሞልቶ ሞተሩ ተነሣ። ያኔ እልፍነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሩ፤ ፊታቸው በፈገግታ በርቷል።

«ውይ! እዚህ ነህ እንዴ ልጄ? ሰላም እንኳ ሳልልህ! ባለቤትህ ልትወልድ ነው አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ። እመብርሃን በሰላም ታገላግልልህ። ልጅህንም በጤና ታሳድግልህ… ለትምህርት ሲደርስም፣ ልክ እንዳንተ ያለ አስተማሪ ትስጥልህ!»