ጋሽ ጠርሙስና የማትነካው ወንበር

«ይህን ማሽን አምናለሁ የሚል ካለ መጥቶ ይውሰድልኝ።»

ኃላፊያችን ናት ይህን ያለችው፣ ኮሪደር ላይ፣ ለራሷ። ከኋላዋ አንድ ባለቦርሳ ሰው «መጥቻለሁ» አለ። እኛም ዕቃ ጫኝ መስሎን ማሽኑን በየትኛው በር እንደሚያወጣው አሳየነው። ጋሽ ጠርሙስ፣ አቀባበላችን ይህን ይመስል ነበር፤ ሽኝቱ እንኳ ይሻላል።

ለቤተሰብዎ ላስረዳ። ማሽኑ ሰውን ማግኔት ውስጥ አስተኝቶ የውስጡን ምስል ያነሳል። የኛ ማግኔት ግን አርጅቷል፤ ጉልበቱ መሀል ላይ እኩል ሆኖ ጠርዝ ላይ ሲደርስ፣ እንደ ሰነፍ ቀለም ቀቢ፣ አንዱን አብዝቶ ሌላውን ይዘላል። ሁላችንም ይቀየር ስንል እርስዎ «ስህተቱ ታማኝ ነው፤ ሁልጊዜ እዚያው ይሳሳታል። የምናርመው ስሌቱን ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ በሽተኛ ሳይገባ፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ያስተኛሉ። ብርድ ልብስም ያለብሱታል ብለን አምተንዎታል። ቀጥ ያለው ጠርሙስ የት የት እንደጎበጠ አይተው ካርታ ይሠራሉ፤ ኮምፒዩተሩም የሰዉን ምስል በዚያ ካርታ ያቃናል።

ማሽኑ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳው ጥግ ያለችውን የብረት ወንበርዎን የነካማ ወዮለት። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ዙሪያዋን ጠርጋ ነበር የምታልፈው። «ካርታው ያውቃታል» ይሉናል፤ እኛ ደግሞ ሥልጣን እንዲህ ያደርጋል እንባባላለን።

ያቺን አስተማሪ ግን አንረሳትም። ዕጢዋ አድጓል ተብሎ ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። እርስዎ ምስሉን ከካርታው ጋር አስተያዩና ለሐኪሙ «ዕጢው አላደገም፤ ሴትየዋ ካርታው ከሚያቃናው ወሰን አልፋ ወደ ጠርዝ ተኝታ ነው» አሉት። ሐኪሙ ተቆጣ። እርስዎ ሻይዎን ጠጡ። መሀል አስተኝተን ደግመን አነሳናት፤ ዕጢው ያው ነበር። ይኸው ዛሬም ታስተምራለች። ባለፈው የኔን ልጅ በሒሳብ ጥላዋለች፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

ቀልዱን ልተው። እርስዎ ከመጡ ወዲህ ለበሽተኛ «እርግጠኞች ነን» ስንል ዓይናችንን አንሰብርም። ይህን የሰጡን እርስዎ ነዎት፤ እናመሰግናለን።

በሉ ብርጭቆ እናንሳ። ለጤናዎ፣ ለረጅም ዕድሜ፣ ለማለዳ እንቅልፍ። ለሥራው አይስጉ፤ የሚያውቁትን ሁሉ አስተምረውናል። ስጦታችንም ወንበርዎ ናት፤ በምሳ ሰዓት መኪናዎ ላይ ጭነናታል።

ከምሳ በኋላ ያነሳነው ጠርሙስ ግን፣ በጠዋቱ ካርታ ተቃንቶም፣ ጎብጦ ወጥቷል።