ያቺ የግራ እግር ጎል

የኮተቤውን የሰፈራችንን ቡድን ታሪክ እየጻፍኩ ሳለ ነው። ቡድናችን ከታችኛው ዲቪዚዮን ያለፈው በአንዲት ጎል ሲሆን፣ ያገቧት ጋሽ ጌቱ መሆናቸውን ሰነዱም ሰዉም ይመሰክራል። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ሰው ክለቡ ቢሮ መጡና «ያቺን ጎል ያገባሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። እንዲህ ብሎ የመጣ ሦስተኛው ሰው ስለነበሩ አላመንኳቸውም።

«ማስረጃ አለዎት?»

«ማስረጃውማ ያለው ወንድሜ ጌቱ ጋ ነው» ብለው ሳቁ። «የዚያን ቀን አሞት በሱ የተጫዋች ቴሴራ ገባሁ። መልካችን አንድ ስለሆነ ዳኛው አልነቃብኝም። ቴሴራው ላይ ያለው ፎቶ የሱ፣ ያገባው እግር የኔ!»

«በየትኛው እግር?»

«በግራ ነዋ!»

ማስታወሻዬም ግራ ይላል፤ ግን ይህን ከማንም ሊሰሙት ይችላሉ። «ይህን ብጽፍ ቡድኑ ያለፈው በማጭበርበር ነው ይባላል» አልኳቸው።

ሳቃቸው ጠፋ። «እንግዲያው ተወው፣ ልጄ። አንተ ካወቅህልኝ ይበቃኛል።»

ስም ሊሰርቅ የመጣ ሰው ተወው ይላል? ወይስ ብልጥ ሌባ የሚለው ይህንኑ ነው? መቁረጥ አቃተኝ። በመጨረሻ «ጎሏ በግራ እግር ተቆጠረች» ብዬ ብቻ ጻፍኩ፤ ስም አልጠቀስኩም። መጽሐፉን መጀመሪያ የሰጠሁት ለጋሽ ጌቱ ነበር። ያቺን ገጽ ደጋግመው አነበቧት። ስሜ የታለ ብለው ግን እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም።