ከላይ ቤት የሚመጣው በረዶ

ግቢ፣ ግቢ እንጂ! ኧረ ሙቀቱስ! ከመድኃኒት ቤቱ እዚህ እስክደርስ ጸጉሬ ግንባሬ ላይ ተለጥፎ፣ መድኃኒት ሻጯ ሳልሆን በሽተኛዋ መስዬ ነው የገባሁት። ልጆቹ ደህና ናቸው? ተመስገን። ነይ ኩሽና እንቀመጥ፣ ሳሎኑን በዚህ ሰዓት ፀሐይ ወርሶታል። ወንድምሽ? ቅድም ወጣ፤ በረዶ ሊያመጣ። ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ላይ ቤት ነው። አንድ ፎቅ። ይመጣል… ኧረ ይመጣል።

እስከዚያ ይቺን ኪያር ክተፊልኝ፣ ሳሳ አድርገሽ። ዛሬ የማቀምስሽ ጂን በኪያርና በናና ነው። አትሳቂ! አርባ ሚሊ ጂን፣ ሃያ ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ ዐሥር ሚሊ በውሃ የፈላ ስኳር፤ የቀረውን በቶኒክ መሙላት። በሲሪንጅ ነው የምለካው፣ ምን ላድርግ፣ እጄ ለምዶብኝ። የመጀመሪያ ቀን ወንድምሽ አይቶኝ፣ "ይሄ በቀን ስንቴ ነው የሚወሰደው? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" አለኝ። መስኮቱ ላይ ናና ብዬ የተከልኩትም ሲያድግ ናና ሆኖ አልተገኘም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሙን የማላውቀውን ቅጠል ጂኑ ውስጥ እየጨመርኩ አጠጣሁት። ምንም አልሆነ፤ ወንድምሽ ጠንካራ ነው።

ለምን እንደጀመርኩት ልንገርሽ? እሱ እኮ ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤት የሚያመጣው መንገድ ይጠፋበት ነበር። እኔ ብልጧ፣ መጠጥ ቤቱን ወደ ቤቴ ላምጣው አልኩ። በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ይዞ፣ ከእኔ ጋር እንዲያወራ። ሠራልኝም! አንድ ወር ሙሉ ከሥራ ቀጥ ብሎ ይመጣ ነበር። መድኃኒት ቤት አብረውኝ ለሚሠሩት ስንት ጉራ ነዛሁ መሰለሽ። "ባል ቤት እንዲውል ከፈለጋችሁ ኑ ላስተምራችሁ" አልኳቸው። አዘገጃጀቱን ጽፌ አደልኳቸው እኮ! ከዚያ ፍሪዘራችን ተበላሸ። ጂን ያለ በረዶ ደግሞ ሽቶ እንደመጠጣት ነው።

የላይኛዋ ግን፣ እግዜር ይስጣትና፣ ደረሰችልን። ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ "የእኔ ፍሪዘር ሙሉ ነው፣ ብቻዬን ምን ላደርገው?" አለችኝ። እንዴት ያለች ደግ ናት! ለአንድ ሰው ያን ሁሉ በረዶ የሚያዘጋጅ ማን አለ? ለጎረቤት ብላ እንጂ ለማን ብላ ነው? እኔም፣ "አንቺ አትልፊ፣ እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ እሱ ይመላለሳል" አልኳት። በዚህ አፌ! ላኪዋም እኔ፣ አመስጋኟም እኔ። ለውለታዋ ማርመላታ ሳይቀር ሠርቼ ልኬላታለሁ፤ በማን እጅ? በወንድምሽ።

እንግዳ አያያዟስ ብትይ! የመጣውን ሰው ሳታጫውት፣ ሳታሳርፍ አትሸኝም። እኔ እኮ በሩ ላይ ቆሜ፣ "ምነው ዘገየህ?" ማለት ብቻ ነው የማውቀው። ሽቶዋም ሲወዱት ነው፣ ለቀቅ አይልም፤ በረዶ ይዞ የወረደ ሰው ሸሚዝ ላይ በማግስቱም አለ። የእኔው ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ነው ጥሎኝ የሚጠፋው።

ሰሞኑን ግን በረዶው… እንዴት ብዬ ልንገርሽ። መጀመሪያ ጊዜ ጠርዙ እንደተሳለ፣ ሳህኑን እያንኳኳ ነበር የሚመጣው። ከዚያ ክብ ክብ እያለ መጣ። አሁንማ ሾርባ ነው። ወንድምሽ፣ "ሙቀቱ ነው" ይላል። እኔም፣ "አዎ፣ ሙቀቱ ነው" እላለሁ። እዚያ ላይ እንዴት ይሞቅ ይሆን? ዐሥራ ስምንት ደረጃ ነው እኮ፤ በዚህ በማያነሳኝ ጉልበቴ ወጥቼ ቆጥሬዋለሁ።

ምነው መክተፉን ተውሽ? ቀስ፣ እጅሽን እንዳትቆርጪ።

ረቡዕ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወጣሁ። ለምን በዪኝ፤ በረዶ ሲቀልጥ ለማየት! በዚያው ሳህን በረዶ ሞልቼ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ሰዓት ይዤ ቁጭ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር? በዐሥር ደቂቃ ጠርዙ ሄደ። በሃያ ደቂቃ መዋኘት ጀመረ። ወንድምሽ የሚያመጣው ዓይነት ሾርባ የሆነው… በአርባ አንድ ደቂቃ። ደብተሬ ላይ፣ ከኮክቴሉ አዘገጃጀት ሥር፣ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩት። ከዚያ አለቀስኩ። ጂኑንም ጠጣሁት፤ ያን ቀን ሲሪንጁን አልፈለግኩትም።

"በረዶውን ከየት አመጣሽው?" አትዪኝም? እስኪ ያንን ፍሪዘር ክፈቺው። ክፈቺው እንጂ… አየሽ? ጢም ብሏል። ፍሪጅ ሠሪው ማክሰኞ መጥቶ ሠርቶት ሄዷል። ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬም ወንድምሽን፣ "በረዶ የለንም" አላልኩትም፣ አልዋሸሁም። "በረዶ ያስፈልገናል" ነው ያልኩት። የገዛ ቤቱን ፍሪዘር አንዴ፣ አንዴ ብቻ ከፍቶ ቢያይ… እዚህ፣ አንቺ የቆምሽበት ቆሜ፣ "ይከፍተዋል፣ አሁን ይከፍተዋል" እያልኩ ነበር። ቢከፍተው፣ ሁሉንም ረስቼ ያንን ደብተር ልቀደው ለራሴ ምያለሁ። ሸሚዙን ቀይሮ ወጣ። ለበረዶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ! ከሁሉ ይሄ ነው ያመመኝ።

ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሆነው። ታዲያ አንቺ ምን አቀረቀርሽ?… ታውቂ ነበር እንዴ? ተይው፣ አትመልሺልኝ። አንቺ የባሌ እህት ብትሆኚም እኔ እንደ እናቴ ልጅ ነው የማይሽ፤ ሞኝነቴን አየሽው? ኪያሩም ይበቃል፣ በዛ።

ኮቴ ይሰማሻል? የሁለት ሰው ነው። በይ እንባሽን ጥረጊ፤ የከተፍሽው ኪያር ነው እንጂ ሽንኩርት አይደለም፣ ምን ብለን እናስረዳለን?

ግቡ፣ ግቡ! ውይ እህቴ፣ አንቺው ራስሽ ይዘሽው ወረድሽ? በዚህ ሙቀት! አምጪ ሳህኑን። ቀልጧል… ግድ የለም፣ ለአበባዬ ይሆናል። ተቀመጪ፣ እዚያ ሳይሆን እዚህ፣ ከእሱ ጎን፤ ምን ያሳፍርሻል? ዛሬ ለአንቺ ከራሳችን ፍሪዘር ነው የምጨምርልሽ። አዎ፣ ተሠርቷል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ። አንተ ምነው ቆመህ ቀረህ? ቤትህ እኮ ነው፣ ቁጭ በል። እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ አናስቸግርሽም፣ እህቴ። በጋውን ሙሉ እኛን ስታገለግዪ ዕረፍት እንኳ አላገኘሽ። በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ፣ ልመርቃት። እጅሽ ይባረክ። ፍሪዘርሽ አይጉደል። ቤትሽን እግዜር ያሙቅልሽ። በሰው ስትደክሚ ኖረሻልና የራስሽን ይስጥሽ፣ የእኔ እመቤት… ሸሚዙን አንቺው ጋ የሚያወልቅ፣ አንቺው ጋ የሚያሳጥብ፣ ሲመሽም "ልጆቼ ይጠብቁኛል" ብሎ ተነሥቶ የማይሄድ።