መኪናቸው የተበላሸባቸው ፍቅረኞች

ወደ ሮብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት ወጣትና አንዲት እናት፣ ሁለት ወጣቶች በመኪና አገር ሲዞሩ ስለሚዋደዱበት አስቂኝ ፊልም ያወራሉ።

«ቀላል ፊልም ነው፤ ግን ደስ ይላል» አለች ወጣቷ።

«እኔም ስቄያለሁ። መኪናቸው ተበላሽቶ ብርድ ላይ ማደራቸው ግን አናደደኝ።»

«የተዋደዱት እኮ ያን ሌሊት ነው፣ እማማ!»

«ማዶ ቤት ይታይ የለም? ሄደው ‹መሽቶብን ነው፣ አሳድሩን› አይሉም?»

«ቢገቡማ እሷን ከሴቶቹ፣ እሱን ከወንዶቹ ጋር ያስተኟቸዋል። ፍቅሩስ?»

«ፍቅሩማ ይመጣል።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«ባለቤቴ መሽቶበት አባቴ ቤት ያደረ እንግዳ ነበር። እግሩን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ‹ዝናቡ እስኪያባራ ልቆይ› ብሎ ዋለ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።»

«ወራጅ አለ» ማለት ሲገባኝ የቀረውን ልስማ ብዬ መውረጃዬን አለፍሁት።