ማንም ለሌለበት ቤት የበራ መብራት

አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ጎረቤቴ ጡረተኛው ዳኛ ከነባለቤታቸው ከታክሲ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ለዕረፍት ሐይቅ ዳር ሰንብተው መምጣታቸው ነበርና «እንኳን ደህና ገቡ» ብዬ ሻንጣቸውን ተቀበልኩ። ፀሐይ አናት እየበሳች የበረንዳቸው አምፖል ቦግ ብሎ ይበራል።

ዳኛው የሚኖሩት ከፎቁ ላይ ነው፤ ከምድር ቤቱ ታላቅ እህታቸው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሁለቱ ቤቶች የሚጋሩት አንድ ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሁልጊዜ ሮጣ የምትስማቸው ልጅ ያን ቀን እጇን እንኳ አልዘረጋችም።

«ጋሼ፣ እማዬ ሆስፒታል ተኝታለች። ያስተኛት የእርስዎ መብራት ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው? መብራት ሰው ይጥላል?»

«ይጥላል እንጂ! የምትተነፍስበት ማሽን በኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ያውቃሉ። እርስዎ ግን ቦይለሩንም ቴሌቪዥኑንም እንደበራ ትተው ሄዱ። መስመሩ አልችል እያለ ከታች የእኛ ቤት ይቋረጣል። እኔ ምድጃዬን አጥፍቼ፣ አምፖሌን አጥፍቼ በሻማ ተቀመጥኩ። ከራሴ በላይ ግን ሰው የሌለበት ቤት እንደ ሠርግ ቤት ያበራል! ማጥፊያው እርስዎ ቤት ውስጥ፣ ቁልፉ እርስዎ ኪስ ውስጥ። ትናንት ማሽኑ ጭራሽ ቆመ። ብደውል ስልክዎ ዝግ ነው። እናቴን አዝዬ ወጣሁ።»

የዳኛው ፊት ገረጣ፤ ያም ሆኖ እጅ አልሰጡም። «ልጄ፣ እኔኮ ለክፋት አላደረግኩትም። ቤት ጨልሞ ከታየ ሌባ ይደፍረዋል። ደግሞስ የምከፍለው ከጡረታዬ አይደለም እንዴ? በገዛ ቤቴ ማን ይከሰኛል?»

«ቢከፍሉስ? የእማዬን ትንፋሽ ከፍለው ይመልሱታል? ሌባውስ ሞኝ ነው? በጠራራ ፀሐይ የሚበራ መብራት ‹ባለቤቱ የለም፣ ግቡ› ብሎ የሚጣራ ነው! የሰፈሩ ሰው ሁሉ ‹ዳኛው መቼ ይመለሳሉ?› እያለ ሲጠይቀኝ ሰነበተ። ቤትዎን የምንጠብቀው ከታች ያለነው ሰዎች ነን። እኛን ግን ከአምፖል አሳንሰው አዩን!»

መሐል ገብቼ ላበርዳት አስቤ ነበር። ሆኖም የሚያስቆጣ ነገር ተደርጎ ሳለ የተቆጣውን «ተይ» ማለት በደል ላይ በደል መጨመር ነውና ተውኩት። ስንቶቻችን ነን «ምን ችግር አለው» ብለን በር ዘግተን የምንሄደው? ችግሩ ያለው ከግድግዳው ወዲያ፣ ሌላ ሰው ላይ ነው።

«ሳላይ አልፈርድም» አሉ ዳኛው በመጨረሻ። ተያይዘን ወጣን።

በሩ ሲከፈት ወላፈን ፊታችንን መታን። ቴሌቪዥኑ ለባዶ ሶፋ ይለፈልፋል። ፍሪጁ አንድ የተጨማደደ ሎሚ ለማቀዝቀዝ ያጓራል። መታጠቢያ ክፍል ስንደርስ ቦይለሩ ፈልቶ፣ የፈላው ውኃ ከሥሩ እየፈሰሰ፣ ሶኬቱ ቀልጦ፣ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ጠቁሮ አየን። ዳኛው ሶኬቱን ሊነቅሉ እጃቸውን ሲሰዱ ክንዳቸውን ይዤ መለስኳቸው። ልጅቱ ሮጣ የፎቁን ዋና ማጥፊያ አወረደችው። ቤቱ ጸጥ አለ።

«አጥፋ ብዬህ አልነበረም?» ባለቤታቸው አምባረቁ። «‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ› አልከኝ!»

ዳኛው ግድግዳውን ሲዳስሱ መዳፋቸው ጥላሸት ሆነ። «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ…»

«እማዬ እስከ ትናንት ድረስ ከዚሁ ሥር ነበር የምትተኛው» አለች ልጅቱ።

ዳኛው እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ተያይዘን ሆስፒታል ሄድን። እህታቸው አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ እንደተሰካ ነበሩ፤ ወንድማቸውን ሲያዩ ቀና አሉ።

«ሌባ ፈርቼ ነው ብለህ ነግረሃቸው ይሆናል። ውሸታም! አንተ ከሕፃንነትህ ጀምሮ የምትፈራው ጨለማ ነው!»

ዳኛው እየሳቁ አለቀሱ። «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ፤ ማሪኝ» አሉ።

እህታቸው ድነው ቤታቸው ገቡ። ዳኛው በሚቀጥለው ዕረፍት ከመሄዳቸው በፊት ቦይለሩን አጠፉ፤ ሶኬቶቹን ሁሉ ነቀሉ፤ ፍሪጁን ባዶ አድርገው፣ እንዳይሸት በሩን ገርበብ አድርገው ተዉት፤ ዋናውን ማጥፊያ አወረዱ፤ ቁልፉንም ለእህታቸው ልጅ ሰጡ። እስኪመለሱ ድረስ የታችኛው ቤት ማሽን አንድም ጊዜ አልቆመም፤ ልጅቱም በሻማ አልተቀመጠችም። የእሳቱ ስጋት ቀረ፣ ወጪው ቀለለ፣ ለሌባም የሚጣራ አምፖል ጠፋ።

ዛሬ ዳኛው ሻንጣ ይዞ የሚወጣ ጎረቤት ሲያዩ መንገድ ላይ ቆመው «ቦይለሩን አጥፍተሃል?» ብለው ይጮኻሉ። «ምን አገባዎት?» የሚላቸውን እስከ ታክሲው ድረስ እየተከተሉ ይወርዱበታል። ሰዎች «ሽማግሌው ቁጡ ሆኑ» ይላሉ። ይቆጡ እንጂ! ለባዶ ክፍል የሚነድ ኃይል ከአንድ ሰው ላይ የተቀማ ነው፤ ይህን እያየ የማይቆጣው ሰው ነው ሊያፍር የሚገባው።